ሳትዘሩት የበቀለውን ተክል እንዴት ትለዩታላችሁ?

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ላይ ከግቢያችን ቧንቧ ሥር አንድ ነገር በቀለ። ማንም አልዘራውም። ቅጠሉ ሰፋፊ፣ ዳር ዳሩ ጥርስ ጥርስ ያለው፣ ሲያዩት የሚያምር ለምለም ተክል ነው። ደበርጃን መሰለኝ። ደስ አለኝ። ኮተኮትኩት፣ ፍግ አደረግሁለት። በወሩ ወገቤ ጋ ደረሰ።

ጎረቤታችን እማማ ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩት። ስኒያቸውን አስቀመጡና «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ደግሞ ለምንሽ ነው የምትንከባከቢው?» አሉኝ።

«ደበርጃን ነው እኮ እማማ።»

«እስቲ ቅጠሉን እሽት አድርጊና አሽቺው።»

አሸተትኩት። ፊቴን አዞርኩ። ይከረፋል።

«አስተናግር ነው» አሉ። «አጤ ፋሪስ የሚሉትም ይሄንኑ ነው። የበላው ሰው የባጥ የቆጡን ሲቀባጥር ያድራል። ስሙን አትሰሚውም? በይ ከልጆቹ አርቂው።»

ሳይንሱ ዳቱራ ስትራሞኒየም ይለዋል። ከሥሩ እስከ ዘሩ መርዝ ነው። አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። አፍ ያደርቃል፣ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ያስቃዣል፣ ሲበዛም ይገድላል። እኔ ደግሞ ወር ሙሉ ፍግ ሳበላው ከረምኩ።

ስህተቴ የቱ ጋ እንደነበር በኋላ ገባኝ። ገና እንዳየሁት ስም አወጣሁለት። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የማየው ደበርጃኔን ነበር፤ ተክሉን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ስለዚህ ከዚህ በታች ባለው አካሄድ ስም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ማየት፣ መንካት፣ ማሽተት፣ መጻፍ ነው። እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ስለሆነ ምሳሌዎቼ በአብዛኛው የደጋና የወይና ደጋ ናቸው። አካሄዱ ግን የትም ያው ነው።

ደረጃ 1፦ እጃችሁን ሰብስቡ

የማናውቀው ተክል ስናይ እጃችን ሁለት ነገር ያምረዋል፤ መንቀል ወይም መቅመስ። ሁለቱንም ተዉ።

ቶሎ ከነቀላችሁት መለያውን አብራችሁ ነቀላችሁ። ተክል በአስተማማኝ የሚለየው በአበባውና በፍሬው ነው። እነሱ እስኪመጡ መታገሥ ያስፈልጋል። ብዙ ሆነው ከበቀሉ ሁለት ሦስቱን አስቀሩና ሌላውን አንሡ። ካስቀራችሁት አጠገብ እንጨት ተክላችሁ ቀይ ጨርቅ እሰሩበት። ጨርቁ ሣር ለሚያጭደው ሰው ነው። እኔ ሦስት ሳምንት የተከታተልኩት ተክል አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሣሩ ጋር ታጭዶ ጠብቆኛል።

መቅመስስ? እሱ አያከራክርም። «ምላስ ላይ አድርጎ መትፋት» የሚባለውንም አትሞክሩት። ከብት ወይም ወፍ ስለበላው ለሰው ይሆናል ማለትም አይደለም።

እስክታውቁት ድረስ በጓንት ንኩት። ሕፃን፣ ቡችላ ወይም በግ ያለበት ግቢ ከሆነ ዙሪያውን በሽቦም ሆነ በድንጋይ ከልሉት። መከለል ካልቻላችሁ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ከነሥሩ ነቅላችሁ ወደ ደረጃ 8 ሂዱ። ከእውቀት ልጅ ይበልጣል።

ደረጃ 2፦ በየት በኩል ነው የገባው?

ያልተዘራ ተክል ከሰማይ አይወርድም። አመጣጡን ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ከወጥ ቤት ጥራጊ የተሠራ ብስባሽ ካፈሰሳችሁ በኋላ የበቀለ ከሆነ አትጨነቁ። ቲማቲም፣ ዱባ፣ ቃሪያ፣ ድንች የመሆኑ ነገር ሰፊ ነው። የዶሮ ጥሬ የሚበተንበት ጥግ ላይ ስንዴ፣ ገብስና አጃ ይበቅላል። ከነሱ መሐል እንክርዳድም ይኖራል። ወንጌሉ ላይ «ሁለቱም እስከ መከር አብረው ይደጉ» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እንክርዳድና ስንዴ በሣርነታቸው በጣም ይመሳሰላሉ።

ከስልክ ሽቦ ወይም ከዛፍ ቅርንጫፍ ሥር የበቀለ ነገር ብዙውን ጊዜ ወፍ ያመጣው ነው። አውጥና የወፍ ቆሎ እንዲህ ይገባሉ። በቤቱ መግቢያና ውሻው በሚተኛበት አካባቢ የሚበቅለው ደግሞ በልብስና በጠጉር ተጣብቆ የመጣ ነው። ጨጎጊትና ቴሌንጅ የዚህ ጥበብ ባለቤቶች ናቸው።

ግንባታ ካለ ወይም ሙሌት አፈርና አሸዋ ካስገባችሁ ዓይናችሁን ክፈቱ። ቅንጬ አረም መንገዱ እሱ ነው። ስለሱ በኋላ እመጣበታለሁ።

ማንም ምንም ሳያመጣ፣ መሬቱን ስለቆፈራችሁ ብቻ የሚበቅልም አለ። አፈር ውስጥ ለዓመታት የተኙ ዘሮች አሉ። ብርሃን ሲነካቸው ይነቃሉ። «ቆፍሬ አጽድቼው ባሰብኝ» የሚል ሰው እውነቱን ነው።

ደረጃ 3፦ ግንዱንና ቅጠሉን በደንብ እዩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ደብተርና እርሳስ ያዙ።

ገና ብቅ ያለ ችግኝ ከሆነ ከመሬት የወጣበትን ቅጠል ቁጠሩ። አንድ ሹል ቅጠል ይዞ ከወጣ የሣር፣ የሽንኩርት፣ የቀጤማ ወገን ነው። ሁለት ይዞ ከወጣ ከሌላው ከብዙው ነው። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ግን ውሸታሞች ናቸው። በኋላ የሚመጣውን ቅጠል አይመስሉም። በነሱ ብቻ አትፍረዱ፤ ሦስተኛውንና አራተኛውን ጠብቁ።

ቀጥሎ ግንዱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሐል አንከባሉት። ክብ ነው? ማዕዘን አለው? ሣር የመሰላችሁ ነገር ሲንከባለል ሦስት ጠርዝ ካለው ሣር አይደለም፤ የእንግጫና የቀጤማ ዘመድ ነው። ሣር ግንዱ ክብ ነው፣ አንጓ አንጓ አለው፣ በአንጓዎቹ መሐል አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ማወቅ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል።

አራት ማዕዘን ከሆነና ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ከተቀመጡ፣ ሲታሹም ከሸተቱ፣ የዳማከሴ፣ የበሶብላና የጦስኝ ቤተሰብ ሊሆን ይችላል። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት። የወፍ ቆሎና አቱችም ግንዳቸው ማዕዘን አለው፣ ከዚያ ቤተሰብ ግን አይደሉም። አንድ ምልክት ብቻውን አይመሰክርም። ሦስት አራቱ ሲስማሙ ነው የሚታመነው።

ቅጠሉ ላይ የሚጠየቀው ይሄ ነው። ጥንድ ጥንድ ነው ወይስ ተራ በተራ፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ? ዳሩ ልሙጥ ነው ወይስ እንደ መጋዝ? ጀርባው ላይ ጠጉር አለው? ከፊቱ የተለየ ቀለም አለው? ደግሞስ አንድ ቅጠል ነው ወይስ ከትንንሽ ቅጠሎች የተሠራ ትልቅ ቅጠል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ሰው ያሳስታል። ዘዴው ቀላል ነው፤ ብብቱን ማየት። እውነተኛ ቅጠል ከግንዱ ጋር በተገናኘበት ብብት ላይ ትንሽ እምቡጥ አለ። የትልቁ ቅጠል ክፋይ ከሆነች ግን ብብቷ ባዶ ነው።

ቅጠሉ ከግንዱ የወጣበትን ቦታም አትለፉት። ቱልትና መቅመቆ እዚያ ቦታ ላይ ግንዱን እንደ ካልሲ የሚሸፍን ስስ ልጣጭ አላቸው። የበሬ ምላስ የሚያክል ቅጠል አይታችሁ ጎመን ነው ስትሉ ያቺን ካልሲ ካገኛችሁ ጎመን አይደለም።

የሚያቃጥል ከሆነማ ሳማ መሆኑን ራሱ ይነግራችኋል። የሳማ ጠጉር ጫፉ እንደ መስታወት የሚሰበር መርፌ ነው፤ ሲሰበር የሚያሳክከውን ፈሳሽ ቆዳችን ውስጥ ያስገባል። ይህ በደጋው በየአጥሩ ሥር የምናየው ሳማ ሳይንሳዊ ስሙ ኡርቲካ ሲሜንሲስ ነው፤ ስሜንን የሚያስታውስ ስም ነው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም። ሲቀቀል ማቃጠሉን ስለሚተው በብዙ የደጋ አካባቢ ይበላል። ግቢያችሁ ከበቀለ እንግዳ ሳይሆን ባላገር መጥቶባችኋል ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ እሹት፣ አሽቱት፣ ስበሩት

ከዳር አንዲት ቅጠል ቁረጡና በጓንት እሹ። አፍንጫችሁ ውስጥ አትክተቱት፤ በእጃችሁ ወደራሳችሁ አራግቡት። ሽታውን ከምታውቁት ነገር ጋር አመሳስላችሁ ጻፉ። «ጥሩ ይሸታል» ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅም። «እንደ አሪቲ»፣ «እንደ ሎሚ ልጣጭ»፣ «እንደ እርጥብ ካልሲ» ይጠቅማል።

ከዚያ የቅጠሉን እግር ስበሩና የሚወጣውን እዩ። ውሃ? ነጭ ወተት? ቢጫ? ነጭ ወተት ሲወጣ ጠንቀቅ በሉ። ቁልቋልና ቅንጭብ ያላቸው ዓይነት ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትሹ። ቢጫ ወተት የሚያፈስ፣ ቅጠሉ እሾሃምና በነጫጭ መስመር የተዥጎረጎረ፣ አበባው ቢጫ የሆነ ተክል ካገኛችሁ አርጌሞኒ ነው። አገራችን ከእሾሃሞቹ ጋር ደባልቆ ኮሸሽላ ይለዋል። ፍሬው እንደ ሰናፍጭ የደቀቀ ጥቁር ዘር አለው። ከእህል ጋር ተቀላቅሎ ከተበላ ሰውነት ያሳብጣል፣ ልብ ይጎዳል።

ደረጃ 5፦ አበባውን ጠብቁ

ከአበባ በፊት የነበረው ሁሉ ግምት ነው። አበባ ሲመጣ ነገሩ ይጠራል፤ ተክሎች በቤተሰብ የሚመደቡት በዋናነት በአበባቸው አሠራር ነውና።

ቁጠሩ። አራት የአበባ ቅጠል በመስቀል ቅርጽ ከሆነ የጎመን ዘር፣ የሰናፍጭ፣ የፌጦ ወገን ሊሆን ይችላል። ቢራቢሮ የመሰለ፣ አንድ ትልቅ ክንፍ ከላይ ሁለት ከጎን ካለው የባቄላና የአተር ቤተሰብ ነው። አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ሆኖ መሐሉ ላይ ቢጫ አፍ መሰል ነገር ከተሰበሰበ የድንች፣ የቲማቲም፣ የአውጥና የእምቧይ ቤተሰብ ነው። አስተናግርም ከዚሁ ቤት ነው። ደበርጃንም እንደዚያው። እማማ ፊት እንዲያ ያፈርኩት ለካ በዘመዳሞች ተደናግሬ ነው። አስተናግር ግን አበባው ኮከብ ሳይሆን ረዥም ጥሩንባ ነው፤ ነጭ ወይም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ፣ ሲመሽ የሚከፈት።

ሰማያዊ፣ ጠዋት ተከፍታ ከሰዓት በኋላ የምትሟሽሽ ትንሽ አበባ እርጥብ ቦታ ላይ ካያችሁ የውሃ አንቁር ትሆናለች። የወፍ ቆሎ ደግሞ አንድ ዘለላ ላይ ሁለት ሦስት ቀለም ይይዛል። ቢጫ ሆና የተከፈተችው እያደር ወደ ብርቱካን፣ ወደ ቀይ ትሄዳለች።

አሁን አደይ አበባን ውሰዱ። አንድ አበባ ይመስላል። ተጠግታችሁ ብታዩት ግን መሐሉ ያለው ክብ ብዙ ጥቃቅን አበባ ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ቢጫ «ቅጠሎች»ም እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አበባ ናቸው። ሱፍ፣ ኑግ፣ መጭ፣ ጨጎጊት ሁሉም እንደዚህ ናቸው። መስከረም ላይ ቢጫውን ሁሉ አደይ እንላለን እንጂ ግማሹ መጭ ነው። ልጆች ለእንቁጣጣሽ ከሚለቅሙት እቅፍ ውስጥ አንዷን መዝዛችሁ ቅጠሏን እዩ። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ነው። የመጭ ቅጠል ያልተከፋፈለና ሲዳስሱት የሚሻክር ነው። እንዲህ ብዬ ስነግራቸው ልጆቹ «ታዲያ ምን አለበት?» ብለውኛል። እውነት ለመናገር ምንም የለበትም። ንብም ቢሆን መጭን አይንቅም።

ጃንጥላ የመሰለ አበባ ላይ ግን ቀልድ የለም። እንስላል፣ ድንብላልና ካሮት አበባቸው እንደተገለበጠ ጃንጥላ ነው። ውጭ አገር ያላችሁ ይህን ልብ ብላችሁ አንብቡ። አሜሪካና አውሮፓ በየመንገዱ ዳር፣ በየጓሮው እንስላል የሚመስል ሄምሎክ የሚባል ተክል አለ። ሶቅራጥስ ጠጥቶ የሞተበት ነው። እንስላል አበባው ቢጫ ነው፣ ሽታውም የምናውቀው ጣፋጭ ሽታ ነው። ሄምሎክ አበባው ነጭ ነው፣ ግንዱ ጠጉር አልባና ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለበት ነው፣ ሲታሽ የአይጥ ሽታ አለው። ናፍቆት እጃችሁን እንዳይመራው። እዚያው አሜሪካ ፖይዝን አይቪ የሚባል በሦስት በሦስት የተቀመጠ ቅጠል ያለው ሐረግም አለ፤ ስትነኩት ቆዳ ያቆስላል። እሱን ለማሽተት እንኳ አትቅረቡት።

ደረጃ 6፦ ፍሬውና ሥሩ

ፍሬው ሥጋማ ነው ወይስ ደረቅ ቆብ? ሲደርቅ በስንት ይከፈላል? ዘሩስ መንጠቆ፣ ጥጥ ወይም ክንፍ አለው? የአስተናግር ፍሬ የዶሮ እንቁላል የሚያህል እሾሃም ድብልብል ነው። ሲደርቅ ለአራት ተሰንጥቆ ጥቁር ዘሩን ይበትናል። ጉሎም ፍሬው እሾህ መሰል ነገር አለው። ቅጠሉ ግን እንደ ተዘረጋ እጅ ነው፣ ዘሩም እንደ መዥገር የሚያብረቀርቅ ዥጉርጉር ነው። ያ ዘር ሪሲን የሚባል ከባድ መርዝ አለው። ልጆች ደግሞ የሚያብረቀርቅ ነገር ይወዳሉ።

ሥሩን ለማየት ካስቀራችኋቸው አንዱን ብቻ መሬቱ እርጥብ ሲሆን በቀስታ አውጡ። እንደ ካሮት አንድ ወፍራም ሥር ነው? ጢም ጢም ነው? ወይስ እንደ ሰርዶ ከመሬት በታች የሚሳብ ገመድ አለው? ይህ ለመለየትም፣ በኋላ ለመንቀልም ይጠቅማል። ሰርዶን በመኮትኮቻ መቆራረጥ ማባዛት ነው።

እስካሁን ደብተራችሁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር ይገባል። ከራሴ ደብተር ነው፦

«ጥቅምት 4። ከጀርባው አጥር ሥር፣ ፀሐይ ያለበት። ቁመት 1 ሜትር ተኩል። ግንድ አራት ማዕዘን፣ ጠጉራም። ቅጠል ጥንድ ጥንድ፣ ዳሩ መጋዝ፣ ሲታሽ ጠንካራ ሽታ። አበባ ብርቱካናማ፣ ግንዱን ዙሪያውን ከቦ እንደ ኳስ፤ ኳሶቹ አንዱ ከአንዱ በላይ እየተደረደሩ ይወጣሉ። ንብና አበባ ቀሳሚ ወፍ አይጠፋውም።»

ይህን ለእናቴ በስልክ አነበብኩላት። ፎቶ አላየችም። «ራስ ክምር ነዋ» አለች። ክምር ራስ። ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ስሙ ኖሯል።

ደረጃ 7፦ ስልኩን አሁን አውጡት

ብዙ ሰው ከዚህ ነው የሚጀምረው። እኔ ሰባተኛ ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው። መተግበሪያ የሚያየው የሰጣችሁትን ፎቶ ብቻ ነው። ሽታውን፣ ወተቱን፣ የግንዱን ማዕዘን አያውቅም።

አራት ነገር ፎቶ አንሡ፦ ሙሉ ተክሉን ከእጃችሁ ወይም ከሳንቲም ጋር፣ ቅጠሉን ፊትና ጀርባ፣ አበባውን ከፊትና ከጎን፣ ፍሬውን። የቀትር ፀሐይ ቀለም ያጠፋል፤ ደመና ሲሆን ወይም ጠዋት ይሻላል። ከኋላው ነጭ ወረቀት ያዙ።

የመጀመሪያውን መልስ አትመኑ። የሚሰጣችሁን ሦስት አራት ስም ያዙና እያንዳንዱን ከደብተራችሁ ጋር አስተያዩ። ግንዱ ክብ ነው ካለና የእናንተው ማዕዘን ካለው ሰርዙት። አንድ መተግበሪያ የአጥሬን ሳማ የአውሮፓ ሳማ ብሎ ሰጥቶኛል። ለሾርባ ለውጥ አያመጣም ይሆናል። መርዛማ ተክል ላይ ግን እንዲህ ያለ ስህተት ሰው ይገድላል። ሰው ለሰው የሚተራረምበት እንደ አይናቹራሊስት ያለ ቦታ ላይ ፎቶውን ብታስቀምጡ ግን አንዱ የገመተውን ሌላው ያርማል። ምንም ተባለ ምን፣ በስልክ የተለየ ነገር አይበላም።

ደረጃ 8፦ ሰው ጠይቁ፣ ስሙን ግን መርምሩ

እማማን የመሰለ ሰው በየሰፈሩ አለ። ገጠር ያደጉ፣ ከብት የጠበቁ፣ አረም ያረሙ። ስትጠይቋቸው ስሙን ብቻ ተቀብላችሁ አትሂዱ። «በምን አወቁት?» በሉ። «ከብት ይበላዋል? እናንተ ጋ ለምን ይውላል? ምን ይመስለዋል?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። የሚመሳሰለውን የሚያውቅ ሰው ተክሉን በእርግጥ ያውቀዋል።

የአገር ስም ግን ያወናብዳል። ጨጎጊት አንዱ ጋ የሚጣበቅ መርፌ ዘር ያለው ነጭና ቢጫ አበባ ነው፣ ሌላው ጋ ኳስ ሆኖ ጠጉር ላይ የሚጠመጠመው ነው። በተቃራኒው አንዱ ተክል በየቋንቋው ሌላ ነው፤ እንዶድ በትግርኛ ሽብጢ፣ በኦሮምኛ ሃንዶዴ ነው። የሰማችሁትን ሁሉ ከነአካባቢው ጻፉ። ሳይንሳዊ ስም ያስፈለገው ለዚሁ ነው።

እንዶድን ካነሣን፣ ሴቶች ልብስ ሲያጥቡበት ዘመናት አልፏል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ አጣቢዎች ባሉበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። እንዶዱ ነበር የገደላቸው። የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን የሚያጠፋ መሆኑ የታወቀው ከዚያ ነው።

ደረጃ 9፦ አድርቁና ለባለሙያ አሳዩ

ማንም ካላወቀው ናሙና አዘጋጁ። አንድ ቅርንጫፍ ከነአበባው፣ ከተቻለም ከነፍሬው ውሰዱ። ትንሽ ከሆነ ከነሥሩ። በጋዜጣ መሐል ዘርጉት፤ አንዷን ቅጠል ገልብጡ፣ ጀርባዋ እንዲታይ። ከላይ ከባድ መጽሐፍ ወይም የታጠበ ጡብ ጫኑበት። ጋዜጣውን በየቀኑ ለውጡ። ክረምት ላይ ካልተለወጠ ሻጋታ ይበላዋል። በአንድ ሁለት ሳምንት ይደርቃል።

ከጎኑ ወረቀት አስቀምጡ፤ ቀን፣ ቦታ፣ ቁመት፣ የአበባው ቀለም፣ ሽታው፣ ወተቱ። ሲደርቅ የሚጠፋውን ነው መጻፍ ያለባችሁ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ግቢ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለ። የአገሪቱ የደረቁ ተክሎች መዝገብ ቤት ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት የተዘረዘሩበት ባለ ስምንት ቅጽ ሥራ ማእከሉ እዚያ ነበር። ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነው የተጠናቀቀው። ወደ 6 ሺህ የሚጠጉ ዝርያዎች አሉን፤ ሁሉንም የሚያውቅ አንድ ሰው ስለሌለ «አላውቀውም» ቢሏችሁ አይክፋችሁ። አገር በቀሎቹን በቁማቸው ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል አንድ እሑድ ዋሉ።

ደረጃ 10፦ ይቆይ ወይስ ይውጣ?

ስሙ ከታወቀ በኋላ ውሳኔው የእናንተ ነው። አደይ ይቆይ። የማገጥ ዘር የሆኑ ባለ ሦስት ቅጠሎች አፈር ያዳብራሉ፤ ጥግ ስጧቸው።

ቅንጬ አረም ግን አይቆይም። ከወደ አሜሪካ የመጣ ነው፤ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የታየው በምሥራቁ ክፍል ነው። ሲጀምር መሬት ላይ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ፣ ቅጠሉ የካሮት ወይም የአሪቲ መስሎ ይታያል። አሪቲ ስታሹት መዓዛው ያውዳል፤ ቅንጬ ያ መዓዛ የለውም። በኋላ ይቆምና እንደተፈተገ እህል የደቀቀ ነጭ አበባ ያወጣል። ስሙም ከዚያ ነው። ቆዳ ያሳክካል፣ ያስነጥሳል፣ ከብት ከበላው ወተቱን ያመረዋል። ጓንትና ረዥም እጅጌ አድርጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ከነሥሩ ንቀሉት። ከማበቡ በፊት መሆን አለበት፤ አንዱ ብቻ ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። ያበበውን ብስባሽ ውስጥ አትጨምሩ፤ ከረጢት ውስጥ እሰሩት።

የውሃ አንቁርን ስታርሙ ቁርጥራጩን መሬት ላይ አትተዉ። ከእያንዳንዱ አንጓ ሥር ሰዶ ይመለሳል።

አንድ ሰው ያልታወቀ ተክል በልቶ ከተገኘ ወተት አጠጡት፣ አስታውኩት የሚለውን የሰፈር ምክር ትታችሁ ጤና ተቋም ሩጡ። ተክሉን ከነቅጠሉና ከነፍሬው በላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምንድን ነው የበላው?» ብሎ ነው።

የእኔን አስተናግር ፍሬው ሳይሰነጠቅ ቆረጥኩት። እንደዚያም ሆኖ ዘንድሮ ሰኔ መጨረሻ ላይ ከቧንቧው ሥር ሦስት ብቅ አሉ። ገና አራት ቅጠል ናቸው። አንዷን ቅጠል በጓንት አሸት አደረግኋት። ከዚያ ሁለቱን ነቀልኩ፣ ሦስተኛዋን በሽቦ ከልዬ ቀይ ጨርቅ አሰርኩባት። ጥሩንባዋ ሲከፈት ለልጆቹ ላሳያቸው ነው። እማማ አይተው «አሁንም?» ብለውኛል።